የቤት ጓዝና የንግድ ሸቀጥ፤ ከአገር ወደ አገር ለሚዛወር ሰው፥ ለዕቃውና ለመኪናው ስለሚያስፈልገው ሥርዐት

ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ ከአገር ወደ አገር ስለሚዛወር ዕቃ ለመናገር በቅድሚያ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። ጓዝ ማለት ሰው ለራሱና ለቤተ ሰቡ ኑሮ የሚይዘው ዕቃ ነው፤ ሸቀጥ ማለት ግን ለገበያ የሚቀርበው ነው። በአንድ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ ዐሥር ብርድ ልብሶች እንደ ባለቤታቸው አሳብ ጓዝም ሸቀጥም ሊሆኑ ይችላሉ። የጉምሩክ ሹም የሰውን አሳብ ሊያይ ስለማይችል፥ የሚመለከተው የዕቃውን ብዛት፥ አዲስነቱን ወይም አሮጌነቱን፥ የተገዛበትን ወረቀትና የባለቤቱን የኑሮ ማስረጃ ነው። ስለዚህ አሳቡ ቅን የሆነ ሰው እንኳ ማስረጃው ከጐደለ ጓዙ እንደ ሸቀጥ ሊቈጠርበት ይችላል።

ይህ ጉዳይ ስደተኛውን ብቻ የሚመለከት ይመስላል፤ ነገር ግን አስመጪውንና ባለሱቁንም ከሦስት ወገን ይነካዋል። አንደኛ፥ ነጋዴው ራሱ ወይም ልጁ ወደ ውጭ አገር የሚዛወርበት ጊዜ አለ። ሁለተኛ፥ ከውጭ የሚመለስ ዘመድ «በጓዝህ መካከል ይህችን ይዘህልኝ ና» ተብሎ በነጋዴው ይለመናል። ሦስተኛ፥ ያለቀረጥ የገባ ፍሪጅ ወይም መኪና ለሽያጭ ወደ ሱቁ ይመጣል። በሦስቱም ሕጉን ያላወቀ ሰው ከዕቃው ዋጋ በላይ ሊከፍል ይችላል።

ለትምህርት እንዲሆን አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ከመርጡለ ማርያም ወጥተው ዐሥራ አምስት ዓመት በውጭ አገር የኖሩ ባልና ሚስት ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው ሱቅ ለመክፈት ቈረጡ እንበል። አልጋቸውን፥ ፍሪጃቸውን፥ የልብስ ማጠቢያቸውን፥ ዐርባ ሣጥን ልብስ፥ መጻሕፍትና የወጥ ቤት ዕቃ፥ አንድ ያገለገለ የቤት መኪና፥ ከዚህም ጋር ለሚከፍቱት ሱቅ ስድሳ ጥንድ አዲስ ጫማና ሁለት ደርዘን የእጅ ስልክ በአንድ ኮንቴይነር ጫኑ። በጭነቱ ዝርዝር ላይም «የቤት ዕቃ» ብለው ብቻ ጻፉ። ለእነርሱ ሁሉም የራሳቸው ዕቃ ነው፤ በሕግ ዐይን ግን በዚያ ኮንቴይነር ውስጥ ሦስት ዐይነት ነገር አለ፤ ጓዝ፥ ሸቀጥና መኪና። ሦስቱም የየራሳቸው ሥርዐት አላቸው።

መርጡለ ማርያም በምሥራቅ ጎጃም በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ የምትገኝ የደጋ ከተማ ስትሆን፥ ስሟን ያገኘችው እቴጌ እሌኒ በዐሥራ ስድስተኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ካሠሩት ከታወቀው ቤተ ክርስቲያን ጋር ነው። የማስረጃ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ከእኒሁ እቴጌ ታሪክ መረዳት ይቻላል። እሌኒ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ በላኩት ጊዜ፥ ሰውዬው በህንድ በኩል ሲያልፍ እውነተኛ መልእክተኛ አይደለም ተብሎ ተጠረጠረ፤ በመርከቡም ላይ ብዙ መከራ ተቀበለ። ሊዝበን ደርሶ በክብር የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1514 ነበር። የያዘውን ይዞ ሳለ ማን እንደ ሆነ ለማስረዳት ዓመታት ፈጁበት። የዛሬው ተጓዥ የሚጠየቀው ከዚያ ብዙም አይለይም፤ ማን ነህ፥ ዕቃው የማን ነው፥ ከወዴት መጣ የሚል ነው።

የዓለም ልማድ

ኑሮውን ለሚያዛውር ሰው የቤት ዕቃውን ያለቀረጥ ማስገባት በብዙ አገሮች የተፈቀደ ነው። ምክንያቱም ሰውዬው አንድ ጊዜ ግብር ከፍሎ የተጠቀመበት አሮጌ አልጋ የአገሩን ገበያ አይጐዳም። ነገር ግን ፈቃዱ እንዳይበላሽ ሁሉም አገሮች ማለት ይቻላል ሦስት ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ በዕቃው ተጠቅመህበታልን? በውጭ ምን ያህል ጊዜ ኖረሃል? መልሰህስ ትሸጠዋለህን?

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ መኖሪያውን ለሚያዛውር ሰው ከኅብረቱ ውጭ ቢያንስ ዐሥራ ሁለት ወር መኖርን ይጠይቃል፤ ዕቃውም ከመዛወሩ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር በእጁ ቈይቶ የተገለገለበት መሆን አለበት፤ ከገባም በኋላ እስከ ዐሥራ ሁለት ወር ድረስ ሊሸጠው፥ ሊያከራየው ወይም ሊያውሰው አይፈቀድለትም። አሜሪካ ለቤት ዕቃ አንድ ዓመት የመገልገልን ልክ ታስቀምጣለች፤ ለሌላ ሰው ወይም ለሽያጭ የመጣ እንዳይሆንም ትከለክላለች። ካናዳ ደግሞ አዲስ ሰፋሪ ያለቀረጥ ያስገባውን ዕቃ በዐሥራ ሁለት ወር ውስጥ ቢሸጥ ወይም ቢሰጥ ቀረጡን ወዲያውኑ እንዲከፍል ታስገድዳለች። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ካናዳ የምትጠይቀው የዝርዝር ሥርዐት ነው፤ ሰፋሪው በመጀመሪያ ቀን ሲገባ የያዘውን ዕቃና «ኋላ የሚከተለኝ» የሚለውን ዕቃ በሁለት ዝርዝር ለይቶ ማስመዝገብ አለበት። በመጀመሪያው ቀን ያልተጻፈ ዕቃ ከሦስት ወር በኋላ በመርከብ ሲደርስ እንደ እንግዳ ዕቃ ይታያል። ብዙ የእኛ አገር ሰዎች በአውሮፕላን ጣቢያ ድካምና ደስታ ተቀላቅሎባቸው ይህን ሳይጽፉ ያልፋሉ።

እንግዲህ በምሳሌአችን ያሉት ባልና ሚስት አልጋቸውና ልብሳቸው በየትም አገር ሚዛን ጓዝ ነው። ስድሳው ጫማና ሃያ አራቱ ስልክ ግን አልተገለገሉባቸውም፤ ለሽያጭም የመጡ ናቸው፤ ስለዚህ በየትም አገር ሚዛን ሸቀጥ ናቸው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የጉምሩክ መሠረታዊ ሕግ አዋጅ ቍጥር 859/2006 ሲሆን፥ በአዋጅ ቍጥር 1160/2011 ተሻሽሏል። ያለቀረጥ ስለሚገቡ ዕቃዎች የሚወስኑት ዝርዝር መመሪያዎች ግን በየጊዜው ስለሚለዋወጡ፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተመለሰ ጎረቤት የነገረውን ይዞ ዕቃ መጫን ትልቅ ስሕተት ነው። ዕቃው ከመጫኑ በፊት የወቅቱን መመሪያ ከጉምሩክ ኮሚሽን ወይም በሚኖሩበት አገር ካለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ማረጋገጥ ይገባል። ዜግነቱን የለወጠ ሰውም ለጉምሩክ ብቻ ሳይሆን ለንግድ ፈቃዱና ለመኖሪያው ጭምር በአዋጅ ቍጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ አስቀድሞ ቢያወጣ ይጠቀማል።

ጓዝ ይዞ ለሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት ወረቀቶች የታወቁ ናቸው። ፓስፖርት፥ በውጭ የኖረበትን ጊዜና ጠቅልሎ የሚመለስ መሆኑን የሚገልጽ የቆንስላ ደብዳቤ፥ የጭነት ሰነድ፥ በየሣጥኑ ውስጥ ያለውን የሚገልጽ ዝርዝር፥ ዋጋ ላላቸው ዕቃዎች የግዢ ደረሰኝ፥ ባለቤቱ ራሱ መቅረብ ካልቻለ ደግሞ ውክልና ነው። ከእነዚህ ሁሉ ሰው የሚንቀው ዝርዝሩን ነው፤ ፈታሹ በቅድሚያ የሚያነበው ግን እርሱኑ ነው። «ሣጥን ቍጥር 7፥ ያገለገሉ የወጥ ቤት ዕቃዎች፤ 4 ድስት፥ 12 ሳሕን፥ 1 የቡና መፍጫ» ተብሎ የተጻፈ ዝርዝር ሣጥኑ ሳይገለባበጥ ለማለፍ ዕድል ይሰጠዋል። «ልዩ ልዩ» የሚል ቃል የተጻፈበት ሣጥን ግን መከፈቱ አይቀርም።

ለሱቅ የመጣው ጫማና ስልክ በጓዙ ዝርዝር ውስጥ መግባት የለበትም። ለብቻው በንግድ ዕቃ ሥርዐት መቅረብ፥ የራሱ ዲክላራሲዮን ሊሞላለትና ቀረጡ ሊከፈልበት ይገባል። ባልና ሚስቱ በውጭ ባጠራቀሙት ገንዘብ የገዙት ስለ ሆነና ከአገር ውስጥ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ስላልተከፈለበት፥ ፍራንኮ ቫሉታ የሚባለው ጥያቄ ይነሣል። በፍራንኮ ቫሉታ የሚገባ የንግድ ዕቃ ልዩ ፈቃድ የሚያስፈልገው ስለ ሆነ፥ ፈቃዱ ሳይገኝ መጫን ዕቃውን ወደብ ላይ አስሮ ማስቀመጥ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ የማስገባት ጉዳቱ ከቀረጥም ያልፋል፤ በጓዝ መካከል የተደበቀ ሸቀጥ ሲገኝ ሸቀጡ ሊወረስ ይችላል፤ ጓዙም እስኪጣራ ድረስ ይታገዳል፤ የመጋዘንና የኮንቴይነር ማቆያ ኪራዩም በየቀኑ ይቈጠራል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ባለሱቁ እንመለስ። ያለቀረጥ የገባ ዕቃ የባለቤቱ ቢሆንም፥ መብቱ የተሰጠው ለሰውዬው እንጂ ለዕቃው አይደለም። መብቱ ለሌለው ሰው ከመተላለፉ በፊት ጉምሩክን ማስፈቀድና ቀረጡን መክፈል ያስፈልጋል። ስለዚህ በርካሽ የቀረበለት ባለሱቅ ሻጩን «ዲክላራሲዮኑን አሳየኝ፤ ቀረጥ ተከፍሎበታልን ወይስ በነጻ ገባ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ዕቃው ከመደርደሪያው ላይ ተይዞ በተወሰደ ጊዜ ሻጩ ምናልባት ተመልሶ ወደ ውጭ ሄዷል፤ ኪሣራው የሚቀረው በባለሱቁ ላይ ነው።

ስለ መኪና

መኪና ከጓዝ ሁሉ የከበደ ነው፤ ብዙ ሰው የሚከስረውም በእርሱ ነው። በመጀመሪያ ሁለት ዐይነት አገባብ መኖሩ ይታወቅ። አንዱ ለዘለቄታው ማስገባት ነው፤ ሁለተኛው በጊዜያዊነት አስገብቶ መልሶ ማውጣት ነው።

በጊዜያዊነት የሚገባ መኪና ቀረጥ የማይከፈልበት ተመልሶ ይወጣል ተብሎ ነው፤ ስለዚህ መንግሥት ዋስትና ይጠይቃል። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ1954 በኒው ዮርክ የተፈረመው ስለ ግል መኪናዎች ጊዜያዊ አገባብ የሚናገረው ስምምነት አንድ ዘዴ አበጅቷል፤ ይኸውም ካርኔ የሚባለው ደብተር ነው። ደብተሩን የሚሰጠው የአውቶሞቢል ክበብ ሲሆን፥ ባለመኪናው ገንዘብ ወይም የባንክ ዋስትና አስይዞ ይወስዳል። በየድንበሩ ሲገባ አንድ ቅጠል፥ ሲወጣ አንድ ቅጠል ይቀደዳል፤ የመውጫው ማኅተም ከጐደለ ቀረጡ ከዋስትናው ላይ ይጠየቃል። ካርኔን ግዴታ የሚያደርጉ አገሮች አሉ፤ ግብጽ አንዷ ናት። ሌሎች ግን በድንበር ላይ በሚሰጥ ጊዜያዊ ፈቃድ ብቻ ያሳልፋሉ። በኮሜሳ አገሮች መካከል በመኪና ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ቢጫ ካርድ የሚባለው የሦስተኛ ወገን መድን አለ፤ ባለመኪናው በየድንበሩ አዲስ መድን ከመግዛት ያድነዋል። ይህ ግን መድን ብቻ ነው፤ የጉምሩክ ፈቃድን አይተካም። ሁለቱን እንደ አንድ ነገር የሚቈጥር ሰው ብዙ ነውና መለየቱ ይጠቅማል።

በጊዜያዊ ፈቃድ የገባ መኪና በተፈቀደለት ቀን ካልወጣ ወይም ፈቃዱ ካልታደሰ እንደ ኮንትሮባንድ ይታያል። ሊሸጥም አይችልም፤ በአገር ውስጥ ስምም ሊብሬ አይወጣለትም።

ለዘለቄታው ስለሚገባ መኪና መጀመሪያ የሚጠየቀው «መግባት ይፈቀድለታልን?» ነው። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ስለዚህ በውጭ የሚወዱትን የቤንዚን መኪና ይዘው ለመምጣት የሚያስቡ ሰዎች መኪናውን ወደ መርከብ ከማቅረባቸው በፊት ለእነርሱ የተለየ ፈቃድ መኖር አለመኖሩን በጽሑፍ ማረጋገጥ አለባቸው። በቃል የተሰጠ ተስፋ በጅቡቲ ወደብ ላይ አይሠራም።

ሁለተኛው ጥያቄ ግብሩ ስንት ነው የሚለው ነው። ኤክሳይዝ ታክስ በአዋጅ ቍጥር 1186/2012 ሲደነገግ፥ በአነስተኛ ሞተር አዲስ መኪና ላይ 5 በመቶ ብቻ ሲጥል፥ ባረጁና ትልቅ ሞተር ባላቸው መኪናዎች ላይ ግን እስከ 500 በመቶ ድረስ ከፍ አድርጎታል። ዓላማው አሮጌ መኪና ወደ አገር እንዳይጐርፍ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በልኩ ሳይሆን በስሌቱ ነው፤ ግብሮቹን ጎን ለጎን ደምሮ ይጨርሳል። ግብሮቹ ግን አንዱ በሌላው ላይ የሚደረደሩ ናቸው። ለስሌት ያህል ብቻ የመኪናው ዋጋ ከማጓጓዣውና ከመድኑ ጋር 1,000,000 ብር፥ የጉምሩክ ቀረጡ 30 በመቶ፥ ኤክሳይዙ 60 በመቶ፥ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ፥ ሱር ታክሱ 10 በመቶ ነው እንበል። አራቱን ልክ የደመረ ሰው 115 በመቶ፥ ማለት 1,150,000 ብር ያዘጋጃል። ትክክለኛው ስሌት ግን እንዲህ ነው። ቀረጡ 300,000 ብር ይሆናል፤ ድምሩ 1,300,000። ኤክሳይዙ በዚህ ድምር ላይ ሲታሰብ 780,000 ብር ነው፤ ድምሩ 2,080,000። ተጨማሪ እሴት ታክሱ በዚህ ላይ 312,000 ብር ይሆንና 2,392,000 ይደርሳል። ሱር ታክሱ ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ 239,200 ብር ነው። ግብሩ በጠቅላላው 1,631,200 ብር ሆነ፤ አዘጋጅቶ ከነበረው 481,200 ብር ይበልጣል። ኤክሳይዙ 500 በመቶ ቢሆን ኖሮ ግብሩ 8,867,000 ብር ይደርስ ነበር፤ ይህንንም አንባቢው በእርሳስ ሊሞክረው ይችላል።

ዋጋው የሚታሰበው በብር ስለ ሆነ የምንዛሪው ልክም አንድ ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚያ ጊዜ ዕቃቸው በባሕር ላይ የነበረ ሰዎች መኪናው ሳይለወጥ ግብሩ በብር ከፍ ብሎ ጠበቃቸው። ዕቃ የሚጭን ሰው ከስሌቱ በላይ መጠባበቂያ መያዝ ያለበት ስለዚህ ነው።

በኤሌክትሪክ ለሚሠሩ መኪናዎች የገንዘብ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2022 ሰፊ የግብር ቅነሳ አድርጎ ነበር፤ ተገጣጥሞ በሚመጣው ላይ የ15 በመቶ ቀረጥ አስቀርቶ ኤክሳይዙን፥ ተጨማሪ እሴት ታክሱንና ሱር ታክሱን አንሥቷል። የጊዜው ልክ በየበጀት ዓመቱ ሊለዋወጥ ስለሚችል ከመጫን በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። ግብሩ ቀለለ ተብሎ ብቻ ግን አይገዛም። ኑሮው በመርጡለ ማርያም የሚሆን ሰው መኪናውን በየት ይሞላዋል? መብራት በጠፋበት ቀን የዓባይን በረሃ ወርዶ እንዴት ይወጣል? ባትሪው ሲበላሽስ የሚያውቅ ሠራተኛ በየት ይገኛል? እነዚህን ሳይመልሱ መግዛት ጥበብ አይመስልም።

መሪው በቀኝ በኩል ስለ ሆነ መኪናም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. የመንገድ አቅጣጫዋን ከግራ ወደ ቀኝ ለውጣለች። ከእንግሊዝ፥ ከጃፓን፥ ከደቡብ አፍሪካ ወይም ከኬንያ የሚመጣ መኪና ግን መሪው በቀኝ የሆነ ነው፤ ለእኛ መንገድ የተሠራ አይደለም። እንዲህ ያለውን መኪና ይመዘገብልኛል ብሎ መገመት አደገኛ ነው።

መኪናው ግብሩ ተከፍሎ ሲለቀቅ ወዲያውኑ እንደ ማንኛውም መኪና አይነዳም። በአዋጅ ቍጥር 681/2002 መሠረት ተመርምሮ መመዝገብ፥ ሰሌዳና ሊብሬ ማግኘት አለበት፤ እስከዚያው በጊዜያዊ ሰሌዳ ይንቀሳቀሳል። የሦስተኛ ወገን መድንም በአዋጅ ቍጥር 799/2005 ግዴታ ነው። በዚህ ጊዜ የሻንሲውና የሞተሩ ቍጥር በጭነት ሰነዱ፥ በዲክላራሲዮኑና በውጭ አገሩ የባለቤትነት ወረቀት ላይ አንድ መሆን አለበት። አንድ ፊደል ቢሳሳት መኪናው ሳይመዘገብ ለወራት ሊቆም ይችላል። የመርከብ ወኪሉ የጻፈውን ሰነድ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ቍጥር በቍጥር ማመሳከር የግማሽ ሰዓት ሥራ ብቻ ነው።

ስለ ጭነቱ

ሃያ ጫማ ኮንቴይነር ሠላሳ ሦስት ሜትር ኩብ ገደማ፥ ዐርባ ጫማው ደግሞ ስድሳ ሰባት ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። የአንድ መካከለኛ ቤት ዕቃ ብዙ ጊዜ ሃያ ጫማውን አይሞላም፤ በጋራ ኮንቴይነር መጫንም ይቻላል። ርካሽነቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በዚያው ኮንቴይነር ውስጥ ያለው የአንዱ ሰው ዕቃ ቢታገድ የሌላውም አብሮ ሊዘገይ ይችላል። በአውሮፕላን ለሚላክ ዕቃ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ግዝፈቱም ይመዘናል፤ ሣጥኑ በሴንቲ ሜትር ቁመቱ፥ ወርዱና ከፍታው ተባዝቶ ለ6,000 ይካፈላል። ርዝመቱ 60፥ ወርዱ 50፥ ከፍታው 40 የሆነ ሣጥን በውስጡ ስድስት ኪሎ ትራስ ብቻ ቢኖርበትም ሃያ ኪሎ ይከፈልበታል።

የእንጨት ሣጥንና ማስቀመጫ ሌላ ሥርዐት አለው። ነፍሳት ከአገር ወደ አገር እንዳይሻገሩ፥ የእንጨት መጠቅለያ ሁሉ ልቡ ድረስ በ56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ መሞቅና ማኅተም መያዝ እንዳለበት በዓለም አቀፍ ደንብ ተወስኗል። በሠፈር አናጢ የተሠራ ሣጥን ምንም ጠንካራ ቢሆን ማኅተም ከሌለው ተመልሶ ሊላክ ወይም ሊቃጠል ይችላል።

የጭነት ሰነዱም ላይ የጥቅል ብዛት መጻፉ ትልቅ ነገር ነው። በባሕር ሕግ የአጓጓዡ ኀላፊነት ለእያንዳንዱ ጥቅል በተወሰነ ገንዘብ የታጠረ ነው። ሰነዱ «አንድ ኮንቴይነር የቤት ዕቃ» የሚል ከሆነ ኮንቴይነሩ በሙሉ እንደ አንድ ጥቅል ሊቈጠር ይችላል፤ «48 ጥቅል» ተብሎ ከተዘረዘረ ግን ካሣው በዐርባ ስምንት ይባዛል።

መድን የሚገባበት ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም «የጋራ ጉዳት» የሚባለው የቆየ የባሕር ልማድ ነው። መርከብን ከጥፋት ለማዳን የወጣው ወጪ በመርከቡ ላይ ዕቃ ባላቸው ሁሉ ላይ ይከፋፈላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ በስዊዝ ቦይ ተሰክታ ስድስት ቀን ከቆየች በኋላ ባለቤቶቿ የጋራ ጉዳት ስላወጁ፥ ዕቃው ምንም ያልተነካበት ሰው እንኳ ዋስትና ሳያቀርብ ዕቃውን መረከብ አልቻለም። መድን የገባ ሰው ይህን ዋስትና መድን ሰጪው ያቀርብለታል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት ምክንያትም ብዙ መርከቦች አፍሪካን ዞረው መሄድ ስለ ጀመሩ፥ ዕቃ የሚደርስበትን ቀን ቈርጦ መናገር አስቸጋሪ ሆኗል።

ከአገር ስለሚወጣ ጓዝ

ከመርጡለ ማርያም ወደ ውጭ አገር ጠቅልሎ የሚሄድ ነጋዴ ጓዙን ሲያሰናዳ ከሁሉ በፊት ሊያስብበት የሚገባው የቅርስ ሕግ ነው። ከአያት የተላለፈ የብራና መጽሐፍ፥ አሮጌ መስቀል ወይም ሥዕል በቤት ውስጥ የግል ንብረት ቢሆንም፥ ከአገር ለማውጣት በአዋጅ ቍጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለ ሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ቅርስ አዋጅም የነበረ ነው። በገበያ የተገዛ አዲስ መስቀልም ቢሆን አሮጌ የሚመስል ከሆነ አስመርምሮ ማለፊያ ወረቀት መያዝ ይሻላል። ያለዚያ በቦሌ ጣቢያ መቅረት አለ፤ መከሰስም አለ።

ስለ ምግብም እንዲሁ ነው። የነጠረ ቅቤና ቋንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በመንገደኛ ሻንጣ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ አሜሪካም ሥጋን በጥብቅ ትቈጣጠራለች። ሽሮና በርበሬ የተሻለ ዕድል አላቸው፤ ቢሆንም በማስታወቂያው ወረቀት ላይ መጻፍ አለባቸው። የጎጃም ጤፍ ለዘመድ በሚል ብዙ ኩንታል የሚጭን ሰው ግን ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ያልተፈጨ ጤፍ ለንግድ ወደ ውጭ እንዳይላክ መከልከሉን ያስታውስ።

ሱቁን ዘግቶ የሚሄድ ሰው የንግድ ፈቃዱን መመለስና የግብር ነጻነት ማስረጃውን መውሰድ አለበት፤ የተተወ ፈቃድ ዕዳ ይቈጥራል። መኪናውን ደግሞ «ወንድሜ ይንዳው» ብሎ በስሙ ትቶ መሄድ የተለመደ ነው፤ ይህ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ይመስላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 እንደሚደነግገው፥ መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ይጠየቃል፤ የነዳው ሰው ያለፈቃዱ የነዳ ቢሆን እንኳ ከዚህ አያመልጥም። በውጭ አገር ተኝቶ ሳለ በደብረ ማርቆስ መንገድ ላይ ለደረሰ አደጋ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሸጦ ስሙን ማዛወር፥ ካልሆነም ለመሸጥ የሚያስችል ልዩ ውክልና በግልጽ መስጠት ይገባል። ያው ሕግ በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚያገለግል ስለሚደነግግ፥ «ንብረቴን ሁሉ ያስተዳድርልኝ» የሚለው ጽሑፍ ለመሸጥ በቂ ነው ብሎ መተማመን አይገባም። በውጭ አገር የተጻፈ ውክልና ከሆነም በኤምባሲው ወይም በቆንስላው ተረጋግጦ፥ በአገር ውስጥም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት በኩል ማለፍ አለበት።

ስለ መጨረሻው መንገድ

ከጅቡቲ የተነሣ ዕቃ በካሚዮን ወይም እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ በጀመረው በአዲሱ ባቡር ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ጐሃ ጽዮንን አልፎ የዓባይን በረሃ በመውረድ፥ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ፥ በደጀንና በቢቸና፥ በደብረ ወርቅም በኩል ወደ መርጡለ ማርያም ይጓዛል። የባሕር መድን ብዙ ጊዜ ወደብ ላይ ወይም ሞጆ ላይ ያበቃል፤ ብዙ ሰዎች ሳሕንና መስተዋታቸው የሚሰበርባቸው ግን በዚህ በመጨረሻው መንገድ ነው። ስለዚህ መድኑ እስከ ቤት ደጃፍ የሚዘልቅ መሆኑ ውሉ ላይ መታየት አለበት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተከሠተው ግጭት ምክንያት መንገዶች በየጊዜው ሲዘጉ ታይቷል፤ ተራ መድን ደግሞ በጦርነትና በሁከት የሚደርሰውን ጉዳት አይጨምርም፤ ይህን የሚሸፍነው ለብቻው ተጠይቆና ተከፍሎበት ነው።

ዕቃው ቤት ሲደርስ ተረካቢው የመረከቢያውን ወረቀት ሳያይ እንዳይፈርም። የተሰበረ ወይም የተከፈተ ሣጥን ካለ በዚያው ወረቀት ላይ የሣጥኑን ቍጥር ጽፎ ይፈርምበት። እ.ኤ.አ. በ1924 የወጡት የሄግ ደንቦች በባሕር ለተጓጓዘ ዕቃ በግልጽ የሚታይ ጉዳት በርክክቡ ጊዜ፥ የማይታየው ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲገለጽ ይጠይቃሉ፤ ክስም በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሣጥኖቹን ሳይከፍት በጎተራ አጠገብ ደርድሮ ለመስቀል ወይም ለፋሲካ የሚጠብቅ ሰው ጉዳቱን በሚያይበት ቀን ሦስቱ ቀኖች ካለፉ ቆይተዋል።